የሼመስ ሂኒን ሕይወት ለደሴና ለኮምቦልቻ አድማጭ እንዴት እናቅርብ?

በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኙ የሥነ ጽሑፍ ክበባት የራሳችንን ገጣሚዎች ከማንበብ ጎን ለጎን አልፎ አልፎ የአንድ የውጭ አገር ደራሲ ሕይወትና ሥራ መርጠው ያቀርባሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ አቀራረቡ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አቅራቢው የትውልድ ቀን ይናገራል፣ ደራሲው የተማረባቸውን ትምህርት ቤቶች ይዘረዝራል፣ የመጻሕፍቱን ርዕስ በታተሙበት ዓመት ቅደም ተከተል ያነባል፣ በመጨረሻም ሽልማቶቹን ቆጥሮ ይቀመጣል። አድማጩ ስለ ሰውየው ብዙ ቁጥር ሰምቶ ይወጣል፤ ሰውየው ምን አይቶ፣ ምን ደርሶበት፣ ለምን እንደ ጻፈ ግን ሳይሰማ ይቀራል።

ይህ መመሪያ የሰሜን አየርላንዱን ተወላጅ ገጣሚ ሼመስ ሂኒን ምሳሌ አድርጎ የአንድ ሰዓት ዝግጅት እንዴት እንደሚሰናዳ ያሳያል። ሂኒን የመረጥሁት የኖቤል ተሸላሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አባቱ ገበሬና የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ የእናቱ ቤተሰቦች በአካባቢው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ነበሩ፤ እርሱ ራሱ ደግሞ ወገኖቹ እርስ በርስ ሲገዳደሉ ገጣሚ ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው። የባቲን የከብት ገበያ የሚያውቅ፣ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ዘመድ ያለው፣ የ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደጃፉ ያለፈበት አድማጭ እንዲህ ያለውን ሕይወት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በትክክለኛው በር የሚያስገባው አቅራቢ ነው።

በመጀመሪያ ቀኖቹን ያስተካክሉ

የውጭ አገር ሰው ታሪክ ስናቀርብ በጣም የሚያደናግረው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ ዓመት በእኛ፣ ሌላው በእነርሱ አቆጣጠር ከተነገረ አድማጩ የገጣሚውን ዕድሜ እንኳ መገመት ያቅተዋል። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ዋና ዋናዎቹን ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ ሲያቀርቡ ግን በአንዱ ይጽኑ። በዚህ መመሪያ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። ከመስከረም ወር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ያለው ጊዜ በሰባት፣ የቀረው የዓመቱ ክፍል በስምንት ዓመት እንደሚለይ ማስታወስ ይበቃል።

ሂኒ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1939 ሲሆን ይህ በእኛ ሚያዝያ 5 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። ያረፈው ኦገስት 30 ቀን 2013፣ ማለትም ነሐሴ 24 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በ74 ዓመቱ በደብሊን ከተማ ነው። እነዚህን ቀኖች አድማጩ ከሚያውቀው ጊዜ ጋር ማያያዝ ይጠቅማል፤ ገጣሚው ሲወለድ ደሴ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲታተም እዚህ 1958 ዓ.ም. ነበር። ከዚህ በላይ ማያያዝ ግን አያስፈልግም። የሁለቱን አገሮች ታሪክ ጎን ለጎን እየተረኩ መሄድ የገጣሚውን ሕይወት ያስረሳል።

ከሽልማቱ ሳይሆን ከቤቱ ይጀምሩ

አብዛኛው አቅራቢ «የ1995 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ተሸላሚ» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ሲጀመር አድማጩ ወዲያውኑ ትልቅ ሰው ስለሚቀርብለት ራቅ ብሎ ይቀመጣል። እኔ የምመክረው ሞስባውን በሚባለው የእርሻ ቤት መጀመርን ነው። ቤቱ በዴሪ አውራጃ፣ በካስልዶሰንና በቱምብሪጅ መንደሮች መካከል የሚገኝ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ፎቅ የሌለው ዝቅተኛ ቤት ነበር። ሼመስ ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ነው።

ሂኒ ኖቤል ሲቀበል ስቶክሆልም ላይ ያደረገው ንግግር የሚጀምረው በዚህ ቤት ነው፤ ስለዚህ የመግቢያ ትረካዎን ከዚያ መውሰድ ይችላሉ። ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል ግድግዳ ባሻገር ያለው በረት ውስጥ ፈረሱ ሲንቀሳቀስ ይሰማቸው ነበር። በጓዳ የተቀመጠ የመጠጥ ውሃ ባልዲ ነበር፤ በአቅራቢያው ባቡር ባለፈ ቁጥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በውሃው ላይ ክብ ክብ ሞገድ ያለ አንዳች ድምፅ ይታይ ነበር። ከዛፍ ላይ የተዘረጋ ሽቦ በመስኮት በኩል ገብቶ ከሬዲዮ ጋር ይያያዛል፤ በዚያ ሬዲዮ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዜና በቢቢሲ ዜና አንባቢ ድምፅ ወደ ማእድ ቤቱ ይገባል። ይህን በዝግታ፣ አንድ በአንድ ይናገሩ። ውሃው፣ ፈረሱና ሬዲዮው የገጣሚው ሥራ ሁሉ ዘር ናቸው፤ ጸጥ ያለ የገጠር ቤት፣ ከሩቅ የሚያንቀጠቅጠው ነገር፣ ከዚያም ዓለምን ይዞ የሚመጣ ድምፅ።

ቀጥለው አናሆሪሽ የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ12 ዓመቱ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ የገባበትንና በአዳሪነት የተማረበትን በዴሪ ከተማ የሚገኘውን የቅዱስ ኮለምብ ኮሌጅን በአጭሩ ያንሡ። ከዚያ ወደ ቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ በ1961 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ተማሪ ሳለ ግጥሞቹን ያሳተመው በራሱ ስም ሳይሆን «እርግጠኛ ያልሆነ» የሚል ትርጉም ባለው የላቲን የብዕር ስም ነበር። ይህን ለወጣት ጀማሪዎች መንገር ተገቢ ነው፤ በክበባችን ግጥሙን ጽፎ ስሙን የሚደብቅ ልጅ አይጠፋም።

ባዕድ የሆነውን ነገር አስቀድመው ያብራሩ

ግጥሞቹን ከማንበብ በፊት ግልጽ መሆን ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ አለበለዚያ አድማጩ መሐል ላይ ይጠፋዋል።

አንደኛው የረግረጉ ማገዶ ነው። በአየርላንድ ረግረጋማ ቦታዎች ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ዕፅዋት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ጥቁር አፈር ሆኖ ይረጋል። ገበሬው ይህን አፈር በልዩ አካፋ በጡብ መጠን እየቆረጠ በፀሐይና በነፋስ ያደርቀዋል፤ ከዚያም እኛ ኩበት እንደምናነደው ምድጃ ውስጥ ያነደዋል። ረግረጉ አየር ስለማያስገባና ውሃው አሲድ ስላለው የወደቀበትን ነገር ጠብቆ ያቆያል፤ የሰው አስከሬን እንኳ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ከነቆዳው ይገኝበታል። ከኮምቦልቻ በታች ያለውን የጨፋን ረግረግ የሚያውቅ ሰው ረግረግ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ማብራራት ያለብዎት አፈሩ እንደሚነድና ሙታንን እንደሚያቆይ ነው።

ሌላው ተልባ ነው። እኛ ተልባን የምናውቀው በፍሬው ነው፤ በሂኒ አገር ግን የሚፈለገው የግንዱ ቃጫ ሲሆን ሊነን የሚባለው ጨርቅ ከእርሱ ይፈተላል። ተልባው ታጭዶ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ እንዲበሰብስ ይደረጋል፤ ሽታው ከባድ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ መጠሪያ የሆነው ግጥም በዚህ የተልባ ኩሬ አጠገብ የሚጫወት ልጅ ታሪክ ነው፤ የእንቁራሪት እንቁላል በጠርሙስ የሚሰበስበው ይኸው ልጅ አንድ ቀን የተቆጡትን እንቁራሪቶች አይቶ በፍርሃት ይሸሻል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ይኸውም ካቶሊክና ፕሮቴስታንት የተባሉ የአንድ መሬት ሰዎች ለምን እንደ ተጋደሉ ማስረዳት ነው። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ፣ በአንድ ዕድር ተሰባስቦ የሚኖር በመሆኑ «ሁለቱም ክርስቲያን ሆነው እንዴት?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ነገሩ የሃይማኖት ቀኖና ክርክር አለመሆኑ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጡ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች መሬት ተሰጥቷቸው ነበር፤ በ1921 አየርላንድ ስትከፈል ሰሜኑ በብሪታንያ ሥር ቀረ፤ በዚያ የቀሩት ካቶሊኮች በመኖሪያ ቤት፣ በሥራና በምርጫ አድልዎ ይፈጸምብናል ብለው በ1960ዎቹ መጨረሻ አደባባይ ወጡ። ከዚያ የተነሣው ግጭት እስከ 1998ቱ ስምምነት ድረስ ቀጥሎ ከ3,500 በላይ ሰዎችን ፈጀ። ሂኒ ካቶሊክ ነው። ከዚህ በላይ ታሪክ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ሁለት ግጥም ይበቃል

በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንት ግጥም ለማንበብ መሞከር አንዱንም አለማንበብ ነው። ለመጀመሪያው ክፍል የምመርጠው ከ1966ቱ መጽሐፉ ሁለት ግጥሞችን ነው።

የመጀመሪያው «ቁፈራ» ነው። ገጣሚው ብዕሩን ይዞ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ ከመስኮቱ ሥር አካፋ ጠጠራማ መሬት ውስጥ ሲገባ ይሰማል፤ ቁልቁል ሲያይ አባቱ ይቆፍራሉ። ሐሳቡ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አባቱ ድንች ሲያወጡ፣ ከዚያም አያቱ ከረግረጉ ማገዶ ሲቆርጡ ያያል። ልጁ አንድ ቀን ለአያቱ በወረቀት የተወተፈ ጠርሙስ ወተት ይዞ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ቀና ብለው ይጠጡና ወዲያው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ገጣሚው እነዚህን ሰዎች የሚተካበት አካፋ እንደሌለው ያምናል፤ በብዕሩ እንደሚቆፍርም ይወስናል። በዚህ ግጥም ላይ አድማጩን ማወያየት ቀላል ነው። ገበሬ አባት ያለው፣ ከኩታበር ወይም ከተሁለደሬ መጥቶ ደሴ የሚማር፣ ክረምት ሲገባ ወደ እርሻው የሚመለስ ተማሪ በአዳራሹ ይኖራል፤ አባቱን በሥራ ማገዝ ትቶ መጽሐፍ መያዙ የሚያሳድርበትን ስሜት እንዲናገር ዕድል ይስጡት። አባቱን የናቀ ልጅ ግጥም አድርገው ግን አያቅርቡት፤ ግጥሙ በአባትየው ሙያ የሚደነቅ፣ የአካፋ አያያዛቸውን ሳይቀር የሚያውቅ ልጅ ግጥም ነው።

ሁለተኛው በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ስለ ደረሰበት ሐዘን የጻፈው ነው። ሼመስ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ በ1953 የአራት ዓመት ታናሽ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተ። በግጥሙ ውስጥ ልጁ በትምህርት ቤቱ የሕሙማን ክፍል ተቀምጦ የደወሉን ድምፅ ይቆጥራል፤ ጎረቤቶች በመኪና ወደ ቤት ይወስዱታል። በረንዳው ላይ አባቱ ያለቅሳሉ፤ ከዚያ በፊት የሰው ለቅሶ ደርሰው የማያለቅሱ ሰው ነበሩ። ቤት ሲገባ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ተነሥተው ለእርሱ፣ ለልጁ፣ እጃቸውን ዘርግተው ያጽናኑታል፤ እርሱ ያፍራል። እናቱ እጁን ይዘው እንባ እያፈሰሱ ሳይሆን በንዴት ይተነፍሳሉ። በማግሥቱ ወንድሙን ወዳስተኙበት ክፍል ይወጣል፤ በልጁ ግንባር ጎን ላይ ከቁስል ምልክት ሌላ ምንም የለም። ሳጥኑ ባለ አራት ጫማ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጫማ።

የእኛን ለቅሶ ቤት የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ይህ ግጥም ያገኘዋል። አዋቂ ሰው ለልጅ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ወይም «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ሲለው ልጁ ባንድ ጊዜ ዕድሜው እንደሚጨምር እናውቃለን። ስለዚህ ካነበቡ በኋላ ወዲያው ማብራሪያ አይጨምሩ፤ ትንሽ ዝም ይበሉ። ሐዘን ያለበት ሰው በአዳራሹ ሊኖር እንደሚችልም አስበው ከንባቡ በፊት ግጥሙ ስለ ሕፃን ሞት መሆኑን ይንገሩ።

ከዚሁ መጽሐፍ ስለ ድንች ቆፋሪዎች የተጻፈ ሌላ ግጥም አለ፤ መሐሉ ላይ ወደ 1845ቱ የአየርላንድ ረሃብ ይመለሳል። በዚያ ረሃብ የድንች በሽታ ሰብሉን አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ወሎ ላይ ይህን ግጥም ማንበብ የሚፈልግ አቅራቢ ብዙ ያስብበት። የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች በየጉባኤው አሉ፤ ግጥሙን እንደ ሥነ ጽሑፍ ጌጥ ከማቅረብ ይልቅ እነርሱን አስቀድሞ አማክሮ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ የራሳቸውን ትዝታ እንዲናገሩ ጋብዞ ማቅረብ ይገባል። ፈቃዳቸው ካልሆነ ይለፈው።

ስለ ትርጉሙ አንድ ምክር አለኝ። የሂኒን ግጥም በወል ቤት ወይም በሰንጎ መገን ቤት እያስገደዱ ቤት እንዲመታ ማድረግ ገጣሚው ያስቀመጣቸውን ነገሮች ያስጥላል። ሐሳቡን በጠራ ስድ ንባብ አስቀምጡት፤ ከዚያ አንድ ጥሩ አንባቢ እንግሊዝኛውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ገጣሚው ካረፈ ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነ የሥራው መብት የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ትርጉሙን አባዝታችሁ አትሽጡ፣ በማኅበራዊ ገጽም አታሰራጩ።

የግጭቱን ዘመን በጥንቃቄ ያቅርቡ

የዝግጅቱ ልብ ይህ ነው፤ ካለው ሰዓት ቢያንስ ሲሶውን ይስጡት።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 በዴሪ ከተማ የብሪታንያ ወታደሮች በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች ገደሉ፤ አንድ ሌላ ቁስለኛ ቆይቶ ሞተ። ቀኑ በእኛ ጥር 21 ቀን 1964 ዓ.ም. ሲሆን እሑድ ነበር። በዚያው ዓመት ሂኒ የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ትቶ ሚስቱን ማሪንና ልጆቹን ይዞ ድንበሩን ተሻግሮ በደቡብ አየርላንድ ዊክሎ አውራጃ ግላንሞር በምትባል ቦታ ትንሽ ቤት ተከራየ። ይህን ውሳኔ «ሸሸ» ብለው የነቀፉት ነበሩ፤ ሥራውን ለመሥራት ጸጥታ አስፈልጎታል ያሉም ነበሩ። አቅራቢው ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ሁለቱንም ወገን ያስረዳ። ደሴንና ኮምቦልቻን በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ለቅቆ የሄደና ሳይለቅ የቀረ ሰው አጠገብ ለአጠገብ በሚቀመጥበት አዳራሽ «መሄድ ይሻላል ወይስ መቅረት?» የሚለው ጥያቄ እንደ ፈተና ጥያቄ የሚቀርብ አይደለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1975 «ሰሜን» የተባለው መጽሐፉ ወጣ። ዴንማርካዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ፒተር ቪልሄልም ግሎብ ስለ ረግረግ አስከሬኖች የጻፈውን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ፣ በጥንት ዘመን ተገድለው በረግረግ የተጣሉትን ሰዎች በራሱ ዘመን ከሚገደሉት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከእነዚህ ግጥሞች አንዱ፣ ስለ አንዲት የተቀጣች ወጣት የተጻፈው፣ በመጨረሻ ወደ ገጣሚው ራሱ ይዞራል፤ እርሷ ብትወገር እርሱ ዝም ይል እንደነበር፣ የበቀሉንም ስሜት እንደሚረዳው ይናዘዛል። አንዳንድ ተቺዎች ግን ግድያን ከጥንት ሥርዓት ጋር ማያያዝ ግድያውን የማይቀር ዕጣ ያስመስለዋል ሲሉ ተቃወሙ። ይህም ክርክር መነገር አለበት፤ ገጣሚን የሚያከብር አቅራቢ ተቃዋሚዎቹንም ያቀርባል።

በዚያው በ1975 የሂኒ ዘመድ የነበረ ኮለም መካርትኒ የተባለ ወጣት ከኳስ ጨዋታ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ሂኒ በ1979 ባወጣው መጽሐፍ የሙሾ ግጥም ጻፈለት፤ በግጥሙ ውስጥ ከሣር ላይ ጤዛ አፍሶ የሟቹን ፊት ያጥባል። ግጥሙ ውብ ነው፤ ብዙ ሰው ወደደው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን «ስቴሽን አይላንድ» በሚባለው ረጅም ግጥሙ ገጣሚው ሎክ ደርግ በተባለ ሐይቅ ውስጥ ወዳለች የካቶሊኮች የጾምና የንስሐ ደሴት ይጓዛል፤ በዚያ የሞቱ ዘመዶቹንና ወዳጆቹን ያገኛቸዋል። ከእነርሱ አንዱ ያ መንገድ ላይ የተገደለው ዘመዱ ነው። የሞቴን አስቀያሚነት በጤዛና በውብ ቃል ሸፈንህብኝ ብሎ ይወቅሰዋል።

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። አንድ ገጣሚ የተወደደለትን ግጥሙን ራሱ በሌላ ግጥም ከስሶ ለፍርድ ማቅረቡ ከማናቸውም ሽልማት በላይ ስለ ሰውየው ይናገራል። ግሸን ማርያም ለመሳለም የተጓዘ ወይም ወደ ጀማ ንጉሥ የወጣ አድማጭ መንፈሳዊ ጉዞ ላይ ሙታን እንደሚታሰቡ ያውቃል፤ እዚያ ላይ የሞተው ሰው ሕያውን መክሰሱ ግን አዲስ ይሆንበታል። በክበቡ ያሉ ወጣቶች ስለ ጦርነቱ የጻፏቸው ግጥሞች ካሉ፣ «ያሳመርነው ሕመም አለ ወይ?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ለዚህ ክፍል መደምደሚያ ከኖቤል ንግግሩ አንድ ታሪክ ይውሰዱ። በጃንዋሪ 1976 በሰሜን አየርላንድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ከሥራ ወደ ቤት የሚመልስ ሚኒባስ በታጣቂዎች መንገድ ላይ ይቆማል። ሠራተኞቹ እንዲወርዱና እንዲሰለፉ ይደረጋል፤ ከመካከላቸው ካቶሊክ የሆነ ካለ ወደ ፊት እንዲወጣ ይታዘዛል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ሠራተኞቹ ግን ታጣቂዎቹ ፕሮቴስታንት ስለመሰሏቸው ሊገደል የተፈለገው ያ አንዱ ካቶሊክ እንደሆነ ያስባሉ። አጠገቡ የቆመው ፕሮቴስታንት የሥራ ባልደረባው በጨለማው እጁን ጨብጦ ይይዘዋል፤ አትንቀሳቀስ፣ አሳልፈን አንሰጥህም ለማለት ነበር። ሰውየው ግን ወደ ፊት ወጣ። ታጣቂዎቹ ወደ ጎን ገፈተሩትና የቀሩትን ተኮሱባቸው፤ አሥር ሰዎች ሞቱ። ሂኒ የምንመኘው መጪ ዘመን የሚወለደው ከዚያ ከእጅ መጨበጥ ነው ብሎ ያምናል፤ የተኩሱን እውነት ግን አልሸሸገም። ይህን ታሪክ ለኮምቦልቻ ሠራተኞች የሚያቀርብ ሰው ምንም መጨመር የለበትም።

እንጀራውንና ክብሩን በአጭሩ

ሂኒ በግጥም ብቻ አልኖረም፤ አብዛኛውን ዕድሜውን መምህር ነበር። መጀመሪያ በቤልፋስት ባሊመርፊ በሚባል ሰፈር የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆነ፤ ርእሰ መምህሩ ማይክል ማክላቨርቲ ራሳቸው የአጫጭር ልብ ወለድ ደራሲ ስለነበሩ የሚያነበውን መጽሐፍ ይሰጡት ነበር። ከ1963 ጀምሮ ፊሊፕ ሆብስባውም የተባለ መምህር በሚመራው የጸሐፍት ስብስብ ውስጥ ተሳተፈ፤ በየስብሰባው የአንድ ሰው ጽሑፍ አስቀድሞ ተባዝቶ ይታደልና ፊት ለፊት ይተቻል። ክበባችን ከዚህ ልማድ ሊወስደው የሚገባ ነገር አለ፤ በስሜት ከሚደረግ ጭብጨባ ይልቅ በወረቀት ላይ የተመሠረተ ትችት ጀማሪን ያሳድጋል። ከዚያ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በደብሊን የካሪስፎርት የመምህራን ኮሌጅ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሃርቫርድ፣ ከ1989 እስከ 1994 ደግሞ የኦክስፎርድ የግጥም ፕሮፌሰርነት ተከተሉ። በ1999 ያወጣው የጥንታዊው የእንግሊዝኛ ግጥም የቤዎውልፍ ትርጉም ሰፊ አንባቢ አገኘ።

ኖቤሉ በኦክቶበር 1995 ሲታወጅ ባልና ሚስቱ ግሪክ ለዕረፍት ስለሄዱ ዜናው ከጋዜጠኞቹ በኋላ ነው የደረሳቸው። በ2006 ስትሮክ መታው፤ አገገመና «ሂውማን ቼይን» የተባለውን የመጨረሻ መጽሐፉን በ2010 አሳተመ። ከመሞቱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ለሚስቱ በስልክ የላከው አጭር የላቲን መልእክት «አትፍሪ» የሚል ነበር። የተቀበረው ቤተሰቡ ኋላ በኖረበት በቤላሂ መንደር ሲሆን፣ በ2016 በዚያው መንደር ሥራውን የሚያሳይ ማእከል ተከፍቷል። ይህን ሁሉ ለመናገር አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አዳራሹ፣ ድምፁና ጥያቄው

የኖቤል ንግግሩ ጽሑፍ በሽልማት ድርጅቱ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል፤ ገጣሚው ራሱ ሲያነብ የተቀዱ ድምፆችም በኢንተርኔት አሉ። ሁሉንም ከቀናት በፊት በስልክ ወይም በፍላሽ ያውርዱ፤ በዝግጅቱ ሰዓት ኔትወርክን ማመን አይገባም። መብራት ቢጠፋ የሚነበበው ወረቀት በትልልቅ ፊደል የታተመ ይሁን። የገጣሚውን ድምፅ ከአንድ ግጥም በላይ አያሰሙ፤ የሰሜን አየርላንድ አነጋገር ለጆሯችን ፈጥኖ ስለሚያልፍ አስቀድሞ ስድ ንባቡን ማንበብ ግድ ነው። በደሴ ቅዝቃዜ ማምሻውን ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋልና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጀመር ከአሥራ አንድ ይሻላል፤ ታዳሚዎች ለሶላት የሚወጡበትን ጊዜም አስቀድመው ይወቁ።

ለጥያቄ ሃያ ደቂቃ ይተዉ። ሁልጊዜ ከሚነሡት አንዱ «የእኛው ሼህ ሁሴን ጂብሪል ይበልጣል ወይስ እርሱ?» ዓይነት ማወዳደር ነው። ጠያቂውን ሳያሳፍሩ የሼህ ሁሴን ጂብሪልን ስንኞች ለሌላ ቀን ዝግጅት እንዲያቀርብ ኃላፊነቱን ለራሱ ይስጡት። ሌላው «ለየትኛው ወገን ነበር?» የሚለው ነው። ሂኒ በ1983 የብሪታንያ ገጣሚዎች ስብስብ ውስጥ መካተቱን ተቃውሞ በግጥም መልክ ግልጽ ደብዳቤ ጽፏል፤ አየርላንዳዊ መሆኑን አልደበቀም። የካቶሊክ ታጣቂዎች የፈጸሙትን ግድያም በስቶክሆልም መድረክ ላይ በስሙ ጠርቶ አንሥቷል፤ ከላይ ያለው የሚኒባስ ታሪክ ይህ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ይመልሱ። መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ከመጣ ጠያቂውን ስሙንና ጥያቄውን በክበቡ መዝገብ ላይ አስፍረው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዘው ይምጡ፤ የተነበቡትን ሁለት ግጥሞች ስድ ንባብና የቀኖቹን ወረቀት ደግሞ ለተከታዩ አቅራቢ እንዲጠቅም በክበቡ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ።